ተኝቶ የማይሄድ መስታወት

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ እንድሪስ፣
ፓዌ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የወገብዎስ ሕመም ለቀቅ አደረግዎ? እማዬ እንዴት ናት፣ ሳሉ ተዋት? ማሳው ታረሰ? ማንጎው ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የእንጅባራ ብርድ አጥንቴ ድረስ ቢገባም አልጣለኝም። ይህን የምጽፈው ባለፈው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጉብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም፤ ወንድሜ ሙሐባው ያነብልዎታል። መሐል ላይ ሲደርስ «በቃ ተወው» እንዳይሉት አደራ።

«መስታወት ሰብራ በሰው ፊት ተዋረደች» ብለው ሰዎች ነግረውዎት «ዕቃሽን ሰብስበሽ ነይ» አሉኝ። ማን እንዳወራ አላውቅም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ፤ እንግዲህ ከባለቤቷ ይስሙት።

ዳንግላ ላይ ወይዘሮ አምሳለ የሚባሉ ሴት አዲስ ቤት ሠርተው፣ የሻወሩን ዙሪያ በመስታወት እንድንዘጋላቸው አሠሪዬን መልካሙን አዘዙት። ልኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህ መስታወት በልኩ ተቆርጦ፣ በእሳት ጠንክሮ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ በኋላ ጠርዙን ትንሽ ልንካው ቢሉ አይሆንም። የጫነው መኪና ሰፈሩ ውስጥ መግባት ስላቃተው ወደ ጋሪ አዛወርነው። «አቁማችሁ እሰሩት፣ መስታወት ተኝቶ አይሄድም» ብዬ ግድግዳውን ላዘጋጅ ቀደምኩ። ባለ ጋሪው ይሄነው ግን በሽተኛ የሚያደርስ ይመስል ገለባ ጎዝጉዞ፣ ፍራሽ አንጥፎ አጋደመው። ለክፋት አይደለም፤ እንቁላሉንም ጋኑንም እንዲያ ነው የሚያደርሰው። ኮረኮንቹ ላይ ጋሪው ሲነጥር መስታወቱ እንደ በረዶ ረገፈ።

ጥፋቱ የማን ሆነ? የእኔ። በወይዘሮ አምሳለ በር ላይ የተሰበሰቡት ወንዶች «ድሮስ ሴት የያዘችው ሥራ» አሉ። መልካሙም እኔ ሱቅ ቁጭ ብዬ መስታወት እንድወለውል፣ ተከላውን ባልደረባዬ ቢሻው እንዲሠራው ወሰነ። «ልኩን የወሰድኩት እኔ፣ የምገጥመውም እኔ። አለዚያ መሣሪያህን አሁኑኑ ተረከበኝ» አልኩት። መሣሪያውን አልተረከበኝም፤ ሌላ መስታወት አዘዘ።

ሁለተኛው ሲመጣ ያንኑ ይሄነውን ጠራሁት። ጋሪው ላይ ጣውላ ተከልን፣ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በጠርዙ አቆምነው፣ ጥፍር አድርገን አሰርነው። እኔ ከጎኑ በእግሬ፣ በገበያው መሐል። አንዱ «ሙሽራ ናት እንዴ እንዲህ የምትታጀበው?» አለ። ይሄነው «ዛሬ ፈረሱም የሚሰማው እሷን ነው፣ ዞር በል» አለው። ግድግዳው ቀጥ ያለ አልነበረም፤ እኔ ግን ከላይም ከመሐልም ከታችም ለክቼው ስለነበር መስታወቱ ልክክ አለ። በማግስቱ ማጣበቂያው ሲደርቅ ወይዘሮ አምሳለ ውሃውን ራሳቸው ከፈቱት። ከውጭ በኩል ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነው። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ማንም አልተሰበሰበም ነበር።

አሁን ወደ ትእዛዝዎ ልምጣ። አልመለስም አባዬ። እርስዎ በልጅነትዎ ከወሎ መጥተው ሲሰፍሩ፣ «ወባው ክረምቱን አያሳልፈውም» ተብሎልዎት ነበር። ኋላ አጎቴ ሊወስድዎ ሲመጣ «የተከልኩትን ማንጎ ለማን ትቼ?» ብለው ባዶ እጁን ሰደዱት። ይህን ስንት ጊዜ አወሩልን! ታዛዥ ልጅ ከፈለጉ ይህን ታሪክ ባያወሩልኝ ይሻል ነበር።

ለዐረፋ እመጣለሁ፤ ልጠይቃችሁ እንጂ ልቀር አይደለም። እቤት ያለው መስታወት ግማሽ ፂምዎን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሙሉ ቁመትዎን የሚያሳይ አመጣለሁ፤ ሚኒባሱ ውስጥም ቆሞ ነው የሚሄደው፣ ረዳቱ ከፈለገ ይቆጣ። ግድግዳው ላይ የምሰቅለውም እኔው ነኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ዝንጅብሉን በማር ትጠጣ። ሙሐባው፣ እስከዚህ ሳትዘል ካነበብክ ተባረክ። ለታናሽ እህቴ ለዘይነባ ናፍቆቴን ንገሯት፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያሳየውን ውሃ ልክ ገዝቼላታለሁ። አባዬ፣ እሱን ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳይቆልፉባት፤ ቢቆልፉባትም ቁልፍ መፍታቱን አስተምራታለሁ።

ልጅዎ ሙፊዳ እንድሪስ
እንጅባራ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.