በቅሎዎቹን ሸጠን መኪና የመረጥንበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1974

ሸጡ! አባባ በቅሎዎቹን በሙሉ ሸጡ። ሰባቱንም። ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት ስሄድ በረት ውስጥ ነበሩ፤ ለምሳ ስመለስ ባዶ በረትና ገመድ። እማማ በር ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እንባዋ ይወርዳል። "ሽንኩርቱ ነው" አለች። እሺ።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬና ጨው በበቅሎ ጭነው ከደብረ ታቦር እስከ ጋይንት ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ነው የኖሩት። አሁን ሌሎቹ ነጋዴዎች በመኪና ሄደው በማግስቱ ይመለሳሉ። የኛ በርበሬ እስኪደርስ ገበያው ተበትኖ ውሾች ብቻ ይቀሩታል። ስለዚህ መኪና። አሮጌ፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ እሱም ከተገኘ።

ያለን አሥራ ስድስት ሺህ ብር ነው። የበቅሎዎቹ ዋጋና እማማ ሳጥን ውስጥ ያቆየችው፣ ሁሉም ተደምሮ። ከዚያ በላይ ሰባራ ሳንቲም የለም። ተሳስተን የታመመች መኪና ከገዛን መኪናም የለን፣ በቅሎም የለን። በርበሬውን እኔ ነኝ በጀርባዬ የምሸከመው።

ሹፌር አለን። የአክስቴ ልጅ ሰይድ መንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ነው። ግን ለሰይድ መሪ ያለው ነገር ሁሉ ጥሩ መኪና ነው። እሱን ይዞ መኪና መግዛት ዕውርን ይዞ ጨርቅ መግዛት ነው።

ሞተር የማውቅ እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ይህን የሚያምን እኔ ብቻ ነኝ።

ማታ እራት ላይ "እኔም አብሬ እሄዳለሁ" አልኩ።

"ሴት ልጅ ይዞ መኪና ግዢ?" አሉ አባባ።

"የእትዬ ስንዱን የወፍጮ ሞተር ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ነው የሚያስነሳው? ሲያስነጥስ ምን እንደያዘው ከጓዳ ሆኜ አውቃለሁ።"

"ትምህርትሽን እንዲህ ብታውቂው ኖሮ።"

የሒሳብ አስተማሪው ዳስተር ወረወረብኝ፤ እኔም መልሼ ወረወርኩለት። የሱ ሳተ፣ የኔ አልሳተም። ከዘጠነኛ ክፍል የወጣሁት እንዲህ ነው።

እማማ "ይውሰዱዋት፤ እዚህ ከምትጮህብኝ" አለች። ተፈቀደ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ጉድ ሠራሁ።

ለሽያጭ ቀርባለች የተባለች አረንጓዴ መኪና ልናይ ሄድን። ባለቤቷ ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ከላይኛው ሰፈር፣ ጡረተኛ። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጎማዋ ሳይቀር በቅባት ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ቆማለች። አባባ በቅሎ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ሦስት ጊዜ ዞሯት። ጎኗን መታ መታ አደረጉ። በሯን ከፍተው ዘጉ። ጎንበስ ብለው የጎማውን ጥርስ በጣታቸው ለኩ። ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ወደዋታል።

"ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሳችም፤ በዚህ ብርድ አንዴ ቁልፍ ስነካት እዩዋት" አሉ ጋሽ ታደሰ። ነኩ፣ ወዲያው ተነሳች። ሰይድ አጨበጨበ። ከብት!

እኔ ግን እጄን የሞተሩ ኮፈን ላይ አሳርፌ ነበር። ገና ቁልፍ ሳይነካ በፊት። ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ሣሩ ላይ አመዳይ አለ፣ ብረቱ ግን እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። የታመመ የናፍጣ ሞተር በብርድ አይነሳም፤ ስለዚህ ገዢ ሳይመጣ ቀድመው ያሞቁታል። እትዬ ስንዱ ወፍጮውን ስትገዛ እንዲሁ ተሸውዳ ሁለት ወር አልቅሳለች።

የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ፈታሁት። ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ። ጭሱ ጋያ እንደሚያጨስ ሽማግሌ በየትንፋሹ ይወጣል። የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተሩ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው።

ቀና ስል አባባ እጃቸውን ሊዘረጉ ነው! እጅ ከተመታ አለቀ። አባባ እጅ መትተው ወደኋላ ብለው አያውቁም፤ የሞተች በቅሎ ቢሆንም ይከፍላሉ።

ጮህኩ። "ውሸታም! ሌሊቱን ሙሉ ሲያሞቋት አድረው ነው!" አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ጋሽ ታደሰ ቀሉ። አባባ እጃቸውን አጠፉና ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

ቤት ስንደርስ "የአባትሽን እኩያ በሰው ፊት ውሸታም አልሽ" አሉኝ።

"ውሸታም ነዋ!"

"ነው። ነገ ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።"

ነው ካሉ ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? አልገባኝም። እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን ይላጫሉ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ትናንት በሰው ፊት ስለጮህኩብዎት ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። አፌ ግን መቼ ይቆማል። "ኮፈኑ ግን ትኩስ ነበር።"

ምላጩን አስቀመጡ። በቃ፣ የሳሙናውን ውሃ ይደፉብኛል ብዬ አንድ እርምጃ ሸሸሁ። ሳቁ! አረፋው ከፊታቸው እየተንጠባጠበ ሳቁ። "ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነው ያሞቅኋት፤ ጉንፋን ያዘኝ እኮ በሷ ጦስ" አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "ሐሙሲት ሐጂ ኑሩ የሚባሉ እህል ነጋዴ አሉ። ነጭ መኪናቸውን ሊሸጡ ይፈልጋሉ። ሞተሯ ከኔዋ እጅግ ይሻላል። ለአባትሽ ንገሪ፤ ታደሰ ነገረኝ በይ።"

ይቅርታ መጠየቅ እንዲህ ጥቅም እንዳለው ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ለነገ የማየው፦

– ኮፈኑ፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት
– ጭሱ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ እሱም በሽታ ነው
– የዘይት ክዳኑ ትንፋሽ
– ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት አለ ወይ
– አፌን መዝጋት (ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት)

አባባ ዝርዝሩን ሰይድ እንዲያነብላቸው አደረጉ። "እግሯስ የታለ?" አሉ። "ሞተሩ ደህና ከሆነ እግሩ ምን ይሆናል?" አልኩ። "እም" አሉ። ይሄ "እም" ያናድደኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ሐሙሲት። ገበያ ነው፣ መተላለፊያ የለም። ከጭነት መኪና ላይ ስንወርድ አቧራ ብቻ ነበርን።

ነጯ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆማለች። ነጭ ይሏታል እንጂ የእርጎና የአቧራ መሀል ናት። አንደኛው በር በሽቦ ታስሯል። ወንበሩ ጆንያ ለብሷል። አባባ ሲያዩዋት ፊታቸው ወደቀ። እኔ ኮፈኑን ነካሁ። ድንጋይ! ቀዝቃዛ ድንጋይ!

ሐጂ ኑሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። ለኔ! "ሞተር የምታውቀው አንቺ ነሽ አሉ፤ ዜናሽ ቀድሞሽ መጥቷል" አሉ። አንዴ ነካሁት። ተነሳች። ድምጿ ድግ ድግ ድግ፣ እኩል፣ ምንም አይጎድለውም። ክዳኑን ፈታሁ፣ ትንፋሽ የለም። ጭሷ ስስ ነው፣ ወዲያው ጠፋ። አጭሩን ማርሽ፣ አራቱንም ጎማ የሚያስጎትተውን፣ አስገብተው አሳዩኝ። ቀጭ አለ። ደህና ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዋጋው ከአሥራ ሰባት ተኩል ተነሣ። ከብዙ ክርክር በኋላ አሥራ ስድስት። ልክ ያለን! አባባ ግን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

"ጭነት ሳትሸከምልኝ እጅ አልመታም።"

"አባባ! ሞተሩ እኮ ጤነኛ ነው!"

"በቅሎ ባዶዋን ሁሉም ታምራለች።"

ሐጂ ኑሩ አልተቆጡም፤ "ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ እመጣለሁ፤ የፈለጉትን ይጫኑባት" አሉ። አሥራ ስድስት ሺህ ያለው ሌላ ገዢ ነገ ቢመጣስ? መንገዱን ሙሉ አባባን አላናገርኳቸውም። እሳቸውም አላስተዋሉም፤ ተኝተው ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ምንም የለም። መጠበቅ። ወፍጮ ቤት ሁለት ሴቶች በወረፋ ተጣሉ፤ ሳላስበው ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ። እትዬ ስንዱ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ጤፍ ሳይሆን ሰው ልትፈጪ ነው የመጣሽው?" አለችኝ። ቤት ሂጂ ተባልኩ።

አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ በረቱ በር ላይ ቆመው ውስጡን ሲያዩ አየኋቸው። እንዳየኋቸው አላወቁም። ንዴቴ ትንሽ በረደ። ትንሽ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

የኅዳር ሚካኤል ነው፤ ከተማው በየደጁ ቆሻሻ ያቃጥላል። ጭስ በጭስ ሆኗል። ነጯ ስትመጣ ጭሷን እንደገና ልይ ብዬ ከኋላዋ ቆምኩ። ወይ ፍንክች! የሷ የቱ ነው፣ የጎረቤት የቱ ነው? ዓይኔ አነባ፣ ሳልኩ፣ ተውኩት።

አባባ ጭስ አላስፈለጋቸውም። ስምንት ጆንያ በርበሬ አስጫኑ። ከዚያ ሐጂ ኑሩን ወደ ጋፋት በሚወስደው ዳገት መሯቸው፤ ምንጭ አቋርጦት ዓመቱን ሙሉ ጭቃ የማይለየው ቦታ አለ። በቅሎዎቻችን ሁልጊዜ የሚለግሙት እዚያ ነበር።

"አጭሩን ማርሽ አስገብተው ይውጡልኝ" አሉ።

ሞተሯ ዘፈነች። እኔ ፈገግ አልኩ። ገባች... ቆመች። የኋላ ጎማዎቿ ጭቃውን ወደ ሰማይ ይረጫሉ፤ ግማሹ ሰይድ ፊት ላይ ነው። የፊቶቹ ግን ፍንክች አይሉም። አባባ እጃቸውን አነሡ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተኙ።

"ሉባባ፣ ነይ እዪ።"

እኔም ተኛሁ። ከማርሹ ወደ ኋላ ጉልበት የሚወስደው ዘንግ አለ። ወደ ፊት የሚወስደው የለም። ቦታው ባዶ! እሱ ከሌለ ያ ማርሽ ቢገባም የፊት ጎማ አይነካም። ሐሙስ ዕለት ያ ቀጭ ያለው ምንም አልነበረም፤ እኔም ለምንም ነገር ራሴን ነቀነቅሁ። ሞተር ሞተር ስል ከስር ጎንበስ ብዬ አላየሁም!

"ናፍጣ ትቆጥባለች ብዬ አስወለቅሁት" አሉ ሐጂ ኑሩ፣ ጭቃውን እያዩ። "ዘንጉ መጋዘን አለ።"

"ታዲያ ሐሙስ ለምን..." ብዬ ጀመርኩ። አባባ አዩኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ይሄ በታሪኬ ይጻፍ።

"አልጠየቃችሁኝም" አሉ ሐጂ ኑሩ ቀስ ብለው። ከዚያ አፈሩ መሰለኝ፦ "መናገር ነበረብኝ።"

አባባ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ተናገሩ። "ዘንጉ ይምጣ፣ ይግባ፣ ይችን ጭቃ ትውጣ። ያኔ አሥራ አምስት። አንዱ ሺህ ለጎማ ነው፤ ጥርሳቸው አልቋል።" ሰው ተሰብስቦ ገፍቶ ካወጣት በኋላ ሐጂ ኑሩ መኪናዋን በረታችን ውስጥ ትተው በአውቶቡስ ሄዱ።

ሸኝተናቸው ስንመለስ "ልጄ፣ ወፍጮ የት ሄዶ ያውቃል?" አሉኝ አባባ። የሚያስቅ መሆኑ የገባኝ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ እግሬን ስታጠብ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ሐጂ ኑሩ ከነዘንጉና ከነመካኒኩ ከተፍ አሉ። የማይመጡ መስሎኝ ነበር፤ ለራሴ እመሰክራለሁ። መካኒኩ ከስር ገባ፣ እኔም አብሬው ገባሁ። "ውጪ፣ ቀሚስሽ ይበላሻል" አለኝ። "ያንተን ሱሪ እየው መጀመሪያ" አልኩት። ከዚያ ብሎን አቀባይ ሆንኩ። ዘንጉ ራሱም እንዳይወላወል በእጄ ነቅንቄ አየሁት። በሞተር ብቻ አላምንም፣ ከእንግዲህ።

ያው ዳገት፣ ያው ጭቃ፣ ያው ስምንት ጆንያ። ገባች፣ ተንገዳገደች፣ የፊት ጎማዎቿ ጭቃውን ነክሰው እየጎተቷት ወጡ! አባባ ከላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። እጅ ተመታ። አሥራ አምስት ሺህ፣ በሦስት ምስክር ፊት። ሊብሬዋን አባባ በመሀረብ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሐጂ ኑሩ ሲሰናበቱኝ "አንቺን ይዞ የመጣ ገዢ ከእንግዲህ አልቀበልም" አሉ። ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ሰይድ መሪ ከመያዙ በፊት ቁርሱን እየበላ ነው፣ እኔ እየጻፍኩ ነው። ዛሬ ወደ ጋይንት ነው፣ የመጀመሪያው ጉዞ። እኔም እሄዳለሁ፤ "ድምፅዋን የሚሰማ ያስፈልጋል" ብለዋል አባባ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርገው።

ጎህ ሲቀድ በረት ወረድኩ። ኮፈኑ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ እንዲህ ያለ ብርድ በዚህ ዓመት አላየሁም። ሐሙሲት ከኛ ይሞቃል፣ እዚያ መነሣት ቀላል ነው፤ ትናንትም የተነሣችው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው፤ በዚህ ብርድስ? ይሄን እስከ ዛሬ ጠዋት አላሰብኩትም። አባባ ቀድመውኝ ቆመዋል። በመዳፋቸው አመዳዩን ከኮፈኑ ላይ ይጠርጋሉ፣ ቀስ እያሉ፣ የበቅሎ ጀርባ እንደሚያሹ።

"ንኪያት" አሉ።

ነካሁ። ጉርር አለችና ዝም። አባባ እጃቸውን አላነሡም። እንደገና ነካሁ፤ ተነሣች፣ በረቱ ሙሉ ተንቀጠቀጠ፣ እማማ ከቤት ውስጥ እልል አለች።

እኔ በሁለተኛው ነው የተነሣችው እላለሁ። አባባ ግን ለእማማ "አንዴ ሲነኳት ተነሣች" ሲሉ ሰማኋቸው። አልተከራከርኩም።