ከፈቃዴ የተቆጠሩት በዓላት

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቡሬ

ዛሬ የዱቄት ፋብሪካውን ሥራ ለቀቅሁ። አባቴ አልጋ ይዘዋል፤ መሬቱን የሚያርስ የለም። ያልወጣሁበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልኛል፣ ለመድኃኒታቸው ይሆናል ብዬ ነበር። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ፋይሌን ገልጣ፣ «ወንድሜ፣ የሠራኸው ስድስት ወር ነው፤ የሚደርስህ ስምንት ቀን። አንተ አሥራ አንድ ቀን ወጥተሃል። የሦስቱ ከደመወዝህ ይቆረጣል» አለችኝ።

መቼ ወጣሁ? ለካ በየወሩ ለሚካኤልና ለማርያም ስቀር የፈረምኩት ወረቀት የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ኖሯል። በእኛ አገር በሚካኤል በሬ አይጠመድም፤ እኔም ከፈቃዴ ይቆጠራል ብዬ አላሰብኩም። አባቴ ግን «ልጄ ከተማ ገብቶም በዓል አልሻረም» እያሉ ለጎረቤቱ ሲኮሩብኝ ከረሙ። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው?

ነገ ሚካኤል ነው። ለማረፍ ማንንም ማስፈቀድ የለብኝም።