የሀምዲያ ጥያቄ

ኅዳር 4
ጠዋት ለሦስተኛ ዓመቶቹ ማይክሮባዮሎጂ አስተማርኩ። መብራት ጠፋ፤ በጠመኔ ቀጠልኩ። ከሰዓት ሆሞሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ለጥናቱ ከነፍሰ ጡሮች ድድ ናሙና ወሰድኩ። የድድ በሽታ ባክቴሪያ ያለጊዜው ከመውለድ ጋር ይገናኛል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።
ዘጠኝ ሴቶች። መጨረሻ ላይ ሀምዲያ። ስድስተኛ ወሯ፣ የመጀመሪያ ልጇ። ገና ስነካው ድዷ ደማ።
"ያምሻል?"
"አያምም። ጥርስ ብቻ ይነቃነቃል። መድኃኒት ትሰጠኛለህ?"
"አስተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።"
"ታዲያ ደሜን ለምን ወሰድክ?" ብላ ሳቀች። አዋላጁ ሻዕባንም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ምን አሳቀኝ?

ኅዳር 11
የሀምዲያን ናሙና በማይክሮስኮፕ አየሁ። ባክቴሪያው ይርመሰመሳል። ጥርሷ ቶሎ በሐኪም መታጠብ አለበት። ግን የት? አሶሳ የማውቀው የጥርስ ክሊኒክ ማሽኑ ተበላሽቷል። "መለዋወጫው ሲመጣ እንደውላለን" አሉኝ።

ኅዳር 19
አልደወሉም።

ታኅሣሥ 2
ደወሉ። ተጠግኗል! ሻዕባንን "ሰኞ ይዘሃት ና" አልኩት።

ታኅሣሥ 5
ሀምዲያ ትናንት ወለደች። ገና በሰባት ወሯ። ሴት ልጅ... እስኪመሽ ብቻ ተነፈሰች። ሻዕባን ደውሎ ነገረኝ።
ቅጹ ላይ "ያለጊዜው የተወለደ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አብሮኝ የሚያጠናው ኢተፋ አየና "ግምታችንን ይደግፋል እኮ" አለኝ። ክፋት የለውም። ትንሽ ቀደም ብዬ እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 12
ሆሞሻ ለቅሶ ደረስኩ። "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አልኳት።
"መምህር፣ ልጄ የሞተችው ከአፌ በሽታ ነው?"
ሻዕባን በጆሮዬ ነገረኝ። አማቷ "ከባድ ውሃ ተሸክማ ነው ሕፃኗን ያጠፋቻት" እያሉ ነው። ለካ "አዎ" እንድላት ነው የፈለገችው። አንዲት ቃል! ግን ጥናቱ ግንኙነት ይፈልጋል እንጂ ያቺ ሕፃን በምን እንደሞተች አይነግረኝም።
"አላውቅም" አልኩ።
"ይሄን ሁሉ ተምረህ?"
ስድብ አልነበረም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

ታኅሣሥ 13
"አዎ" ብላትስ ኖሮ?

ታኅሣሥ 20
ደወልኩላት። ክሊኒክ ልውሰድሽ አልኳት። "አሁን ለምን?" ብላ ዘጋችው።

ጥር 9
ያለ ቅጽ፣ ያለ ናሙና ዕቃ ሄድኩ። አማቷን ፊት ለፊት አነጋገርኳቸው። አማርኛ አይሰሙም፤ ሀምዲያ ራሷ ወደ በርታ ቋንቋ አስተረጎመች።
"በአፏ ይሁን በሌላ አላውቅም። ውሃ ስለተሸከመች ነው ማለትም አይቻልም። እሷ አላጠፋችም።"
የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ተረጎመችው።
አማቷ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።
"ምን አሉ?"
"እኔም ሁለት ሕፃን ቀበርኩ ይላሉ። ያኔ ሰው ሁሉ 'አንቺ ነሽ' አለኝ ይላሉ።"
ተጠጉኝና አፋቸውን ከፈቱ። ሀምዲያ አገጫቸውን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችልኝ። የቀሩት ሦስት ጥርሶች ናቸው፤ ሦስቱም ይነቃነቃሉ። ለእሳቸው የሚታጠብ ነገር አልተረፈም። ይህንንም ነገርኳቸው።
"የእኔስ?" አለች ሀምዲያ።
"ያንቺ ይታጠባል።"
የአማቷን አገጭ ገና አልለቀቀችም። "ሐሙስ አሶሳ እንመጣለን" አለች። "ሁለታችን።"