የክረምቱ የመጀመሪያ ቆስጣ

እሑድ፣ ሐምሌ ፲፪

ጓሮዬ ከወንዙ ዳር ነው፤ ከላይ ፋብሪካዎች አሉ።

ሐኪም ዘይት ስለከለከለኝ፣ ጠዋት የክረምቱን የመጀመሪያ ቆስጣ ደጋግሜ አጥቤ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ በእንፋሎት አበሰልኩ። የመጀመሪያ ምርት ለጎረቤት ሳይደርስ አይበላምና፣ ለጎረቤቴ ለዘይነባ በሳህን አቀበልኳት።

«ጋሼ፣ ዘይት የሌለው ቆስጣ የላም ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። «ለልጄ ግን ይሆናታል፤ ወሯ ገብቷል።»

እኔ ሳልቀምስ አረም ላርም ወረድኩ። ቅጠሉን ዝናብ አጥቦታል፤ ከሥሩ ግን ወንዙ ሞልቶ የጣለው ጥቁር ዝቃጭ ተኝቷል። የነካሁበት እጄ አሁንም ያቃጥለኛል።

ቆስጣውን እንዳይበሉት ልነግራቸው ወደ ዘይነባ ቤት ሮጥኩ፤ በራቸው ዝግ ነው። ባለሱቁ ልጅቷን ደግፈው በባጃጅ ሲወስዷት አይቷል፤ ምጥ ይሁን ሌላ አላወቀም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

ዘይነባ፣ እባክሽ ቶሎ አንሺው።