ያልተጠቀለለው ሽቦ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ ሳሎን ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ አጽፋለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። ልቤ እንደ አሮጌ ሞተር አንዳንዴ አንድ ምት ይዘልላል፤ ሐኪሜም ጉዳይህን ቶሎ ጨርስ ብሎኛል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ጸሐፊው ሊፈትነኝ ስምንት ጊዜ ሰባት ስንት ነው ብሎ ጠይቆኝ ሃምሳ ስድስት ብዬዋለሁ፤ እሱ ራሱ በጣቱ ቆጥሮ ነው ያረጋገጠው።

ጸሐፊው ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ሰው ነው። እኔ የምለውን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው ሲያቋርጠኝ የሚባለውንም እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው የድሮ አብራሪዬ ሻምበል ናቸው፤ ሁለተኛው ጎረቤቴ መድኃኒት ቀማሚው ነው። ከሁለቱ አንዱ ካልፈረመ ይህ ወረቀት ከንቱ እንደሚሆን ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል። ባለቤቴና ልጄም እዚሁ አሉ፤ ወራሾች ስለሆኑ ግን ይሰማሉ እንጂ አይፈርሙም።

አንደኛ። ቤቱ ከነዕቃው የባለቤቴ ነው። ይህ ቤት የተሠራው በእሷ የስፌት መኪና ነው። እኔ ያዋጣሁት ጣሪያውን ነበር፤ እሱም ያፈስሳል። ልጄ ቤቱን ከፋፍሎ የማከራየት ሐሳብ ካለው፣ እናቱ በሕይወት እስካለች ድረስ ሐሳብ ሆኖ ይቆይለት።

ሁለተኛ። ለልጄ አሥራ አንዱን ሬዲዮኖቼንና የመጠገኛ ዕቃዎቼን ሰጥቻለሁ። ዘጠኙ ደኅና ይናገራሉ። ሁለቱ የሚናገሩት ሲመቱ ነው፤ የት እንደሚመቱ በጠመኔ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።

“አባዬ፣ አሥራ አንድ ሬዲዮ ምን ላደርገው ነው?” አለ ልጄ።

“ስማው” አልኩት።

ሦስተኛ። በጓሮዬ ያለውን የቦምብ ጣዩን አውሮፕላን አፍንጫ፣ ማለትም መስታወት የለበሰውን የፊት ክፍል፣ ለአሮጌ ቦምብ ጣዮች ወዳጆች ማኅበር ሰጥቻለሁ። አውሮፕላኑ ተቆራርጦ ሲሸጥ ከብረት ክምር ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቦምብ ጣይ ይባል እንጂ እኔ በበረርኩበት ዘመን ከታጠበ ልብስ በቀር የመታው ነገር የለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ልጄ ባለፈው ወር ብረታ ብረት ገዢ ጠርቶ ሲያስመዝነው በመስኮት አይቼዋለሁ። “ለማወቅ ያህል ነው” ብሎኛል። ስለዚህ ሁላችሁም ዕወቁት፦ ይህ ኑዛዜ ከፈረሰ አፍንጫው በሳምንቱ ድስት ይሆናል።

አራተኛ። ለማኅበሩ አባላት ምክር እተዋለሁ። በየቅዳሜው በፀጉር አስተካካዩ ቤት ጓዳ እየተሰበሰባችሁ ስለዚያ አውሮፕላን የመጨረሻ የስንብት በረራ ታወራላችሁ። ፀጉር አስተካካዩ የሁለቱን ሞተሮች ድምፅ በአፉ ሲያሰማ ከልቡ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ምላጭ እንዳይዝ እለምናለሁ። የቀራችሁትም ልብ በሉ። በወሬያችሁ የመጀመሪያ ዓመት አውሮፕላኑ ከቤት ጣሪያ በላይ ያለፈው በአሥር ሜትር ነበር። በአምስተኛው ዓመት ስድስት ሆነ። አሁን ሁለት ላይ ደርሳችኋል። ጥቂት ዓመት ከኖራችሁ በምድር ቤት በኩል ታሳልፉታላችሁ። መድኃኒት ቀማሚው ደግሞ ጣሪያ ላይ ቆሞ የሻምበልን ጢም አይቻለሁ ብሎ ይምላል።

“አይቻለሁ፤ ነፋሱ ወደ ግራ አስተኝቶት ነበር” አለ መድኃኒት ቀማሚው።

“ጢም ኖሮኝ አያውቅም” አሉ ሻምበል።

“ያን ቀን ነበረዎት።”

አምስተኛ። ምስክር አይወርስም ይላል ጸሐፊው። ስለዚህ ለሻምበል የምተወው ዕቃ የለም፤ የምተውላቸው ቃል ነው። ምስክር ያደረግኋቸውም ሆን ብዬ ነው። ስለዚያ በረራ ሌላው ሲያወራ ፈገግ ብለው ይሰማሉ፤ እኔ አፌን ስከፍት ግን ኮፍያቸውን አንሥተው ይወጣሉ። ምስክር ደግሞ እስከ መጨረሻው የመስማት ግዴታ አለበት። ሻምበል፣ ይቀመጡልኝ።

የዛሬ አርባ አምስት ዓመት አውሮፕላናችን ጡረታ ሊወጣ ለመጨረሻ ጊዜ በከተማው ላይ እንዲያልፍ ተፈቀደ። ትእዛዙ ከአርባ ሜትር በታች እንዳትወርዱ የሚል ነበር። ሻምበል በጥንቃቄያቸው የታወቁ ሰው ስለነበሩ ጓደኞቻቸው “አያቴ” ይሏቸው ነበር። ባዶ መንገድ እንኳ ግራና ቀኝ ሁለት ጊዜ ሳያዩ አይሻገሩም። እኔ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ከወንበሬ አጠገብ በእጅ የሚዞር መጠቅለያ ነበር፤ በእሱ ላይ ስልሳ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይጠቀለላል። አንቴናችን እሱ ነው። ጫፉ ላይ የእንቁላል ያህል የእርሳስ ብረት ክብደት ተንጠልጥሏል። ሽቦው ሲለቀቅ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሃያ ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ይጎተታል። ደንቡ አጭር ነው፤ አብራሪው “እወርዳለሁ” ሲል ሬዲዮ ሠራተኛው ሽቦውን ጠቅልሎ “ተጠቅልሏል” ይላል።

ሻምበል “እወርዳለሁ” አሉ። እኔም “ተጠቅልሏል” አልኩ። አልጠቀለልኩም።

በጆሮዬ የዋንጫ ጨዋታ እየሰማሁ ነበር። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ለቡድናችን ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ሽቦውን ከጠቀለልኩ ድምፁ ይጠፋል። አንዲት ደቂቃ ምን ታመጣለች አልኩ።

በባለ አምስት ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ሦስት አንሶላና የአከራይዋን ረጅም የውስጥ ሱሪ አስጥታ ነበር። ጣሪያው አሥራ ስምንት ሜትር ነው፤ የልብስ ገመዱ ሲጨመር ሃያ። እኛ አርባ ላይ ነበርን። ከአርባ ላይ ሃያ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር የስምንት ጊዜ ሰባቱ ጸሐፊያችን ይንገራችሁ። እርሳሱ የልብስ ገመዱ ምሰሶ ላይ ተጠምጥሞ ተበጠሰ፤ ሽቦው ገመዱን ከነልብሱ ይዞ ሄደ። እኔ ደንግጬ ወንዙ ላይ ስንደርስ ሽቦውን በመቁረጫ ቆረጥኩት፤ መዝገቡ ላይም “በእርጅና ተበጥሷል” ብዬ ጻፍኩ። ጣሪያ ለጣሪያ ቆሞ የነበረው ሕዝብ ክንፉ አንሶላ ሲገፍፍ በዓይናችን አይተናል አለ። መርማሪ ኮሚቴውም ሕዝቡን አመነ። ሻምበል ከበረራ ታግደው አየር ትንበያ ክፍል ተመደቡ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ደመና ሲመዘግቡ ጡረታ ወጡ።

እኔ ሦስት አንሶላ ገዝቼ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ተቀበለችኝና “የአከራዬስ ሱሪ?” አለችኝ። በሁለተኛው ጊዜ ሱሪ ይዤ ሄድኩ። በሦስተኛው አግቢኝ አልኳት። በጠረጴዛዋ ላይ ጨርቅ ስትቆርጥ እንዳይንሸራተትባት የምትጭንበት አንድ ክብደት ነበር፤ ዛሬም አለ። የእኔው እርሳስ ነው። አርባ አምስት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

“እኔ እኮ የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅኩት” አለች ባለቤቴ። “አንተ ሰውዬ፣ ስታየው ፊትህ ከአንሶላው በላይ ነጣ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ሳትጠየቅ እስክትናገር ስንት ጊዜ እንደምትቆይ ልይ ብዬ።”

ሻምበል ተነሡ። ኮፍያቸውን ያዙ። ጸሐፊው “አንደኛ ምስክር ተነሡ” ብሎ ጻፈ። ልጄ አንድ ጊዜ ወደ ጓሮ፣ አንድ ጊዜ ወደ በሩ አየ።

“አንተ” አሉኝ ሻምበል። “የከፍታ መለኪያውን አርባ ላይ አይቼዋለሁ። ለኮሚቴው ይህን ስናገር ተሳሳቁብኝ። ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን ዓይኔ ሳይከዳኝ አልቀረም አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና አልነዳሁም፤ ሰው ልገድል እችላለሁ ብዬ። በየዓመቱ መነጽር ስቀይር ኖርኩ። አንተ ልታወራ አፍህን ስትከፍት፣ መሳሳቴን ከጎኔ ከነበረ ሰው አፍ እንዳልሰማ ብዬ እወጣ ነበር።”

ይህን አላውቅም ነበር። ሥራቸውን ያሳጣኋቸው መስሎኝ ነበር እንጂ ዓይናቸውን መውሰዴን አላውቅም ነበር።

“ይቅር ይበሉኝ፣ ሻምበል።”

“ዝም በል” አሉ። ቀጥለውም፣ “ለመሆኑ ያ ጨዋታ እንዴት አለቀ?”

“ዜሮ ለዜሮ። ኳሱ አግዳሚውን መታ።”

“አንተ እርጉም!” አሉና ወንበሩን ጨብጠው ሳቁ፤ ሳቁ፤ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጸሐፊው ሳቅ እንዴት ይጻፋል ብሎ ጠየቀኝ። “ሳቁ ብለህ ጻፍ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አንተ ቁጠር” አልኩት።

ስድስተኛና የመጨረሻው። ማኅበሩ በአፍንጫው ላይ “አርባ ሜትር፣ እንደ ትእዛዙ” የሚል ሰሌዳ እንዲሰቅል አዝዣለሁ።

“እንዳትሞክራት!” አሉ ሻምበል። “አርባ ሜትርን ማን ሊያይ ይመጣል? አርባ ሜትር ላይ እኮ ቁራም ይበራል። ያን ሁሉ ዓመት ደመና የመዘገብኩት በከንቱ ሊሆን ነው?”

በጠየቁት መሠረት የሰሌዳውን ትእዛዝ ሰርዣለሁ። የቀረው ሁሉ ጸንቶ ይኑር። ከዚህ በፊት የጻፍኩት ኑዛዜ የለም፤ ከዚህ በኋላም አቅም የለኝም።

የተናዛዥ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ሁለተኛ ምስክር፣ መድኃኒት ቀማሚው፦ ሰምቼ ፈርሜያለሁ። ጢሙን ግን አይቻለሁ። (ተፈርሟል)

አንደኛ ምስክር፣ በእጅ ጽሕፈታቸው፦ ተናዛዡ በሙሉ አእምሮው ሲናገር ሰምቻለሁ። በዚህ ወረቀት ላይ አርባ ሜትር፤ በፀጉር አስተካካዩ ቤት ሁለት ሜትር። ይህን የሚያዛባ በእኔ መጣ። (ተፈርሟል)

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ አንደኛው ምስክር ከመፈረማቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከትተዋል። ጽሑፋቸው ከመስመሩ አልወጣም።