ግቢ ሆነሽ የዘመርሽው

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ብርዱ አልባሰበትም? የቡቲዬ መንደር ጎረቤቶችሽስ? ያቺ መንታ የወለደችው ፍየል ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ባለቤቴ ማህሌት ሰላም ብላሻለች። ደኅና ነን ያልኩት ለወጉ ነው። እኔ እንኳ ደኅና አይደለሁም።

በሞተር ሩብ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምሽ አይቀርም። ሁለቴ ልመጣ ተነስቼ ከአስፋልቱ ተመልሻለሁ። ፊትሽን ማየት ፈራሁ፣ እውነቱ ይሄ ነው። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለጎረቤትሽ ልጅ ለጃለቱ አታስነብቢ። አይ፣ ከፈለግሽ አስነብቢያት። የእጄን ነው የማገኘው።

ነገሩ የእናታችንን መዝሙር የቀዳን ቀን ነው። ፖል ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ኪቦርዱን ከቤቴ ኮምፒውተር ጋር በሽቦ ሲያያይዝ፣ አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። እማዬ ስትዘምረው የሰማሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ሕፃን ነበርክ፣ እኔም ልዘምርበት አልሽኝ። እኔም ይሄ በሽቦ የሚገባውን ብቻ ነው የሚቀዳው፣ የሰው ድምፅ አይቀበልም አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ማይኩ አልጋዬ ሥር ነበር። አንቺ ግን አመንሽኝ። እንግዲያው ግቢ ሆኜ ብዘምር አላበላሽባችሁም ብለሽ ወጣሽና፣ የእኔኑ ሸሚዝ እያጠብሽ መዘመር ጀመርሽ።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ፖል ትንሽ አዳመጠና የእህትህ ድምፅ እንዴት ያምራል፣ ለምን አናስገባትም አለኝ። ቅጂው ናይሮቢ ላሉት ምእመናን የሚላክ ነው። እጄን ከኪቦርዱ ሳላነሳ የመለስኩለትን ለመጻፍ ብዕሩ እንቢ ብሎኝ ቆየ። ይሁን፤ እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ተዋት ባክህ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ናይሮቢ ድረስ ታዋርደኛለች።»

እኔ እኮ ነኝ ይህን ያልኩት! አማርኛውን የተማርኩት በማን ሆነና? እኔ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ትምህርት ቤት ስውል አንቺ ውሃ ወረፋ ላይ ትውዪ ነበር። አንቺ ፊደል የለየሽው ትልቅ ሴት ከሆንሽ በኋላ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በጣትሽ እየተከተልሽ ነው። ያጎረሰኝን እጅ ነከስኩ።

ቅጂው እንዳለቀ፣ ሽቦው ከኪቦርዱ ሌላ ምን ያስገባል ብዬ ሳላዳምጠው በስልክ ላክሁልሽ። እጅህን ይባርክ ብለሽ በድምፅ መለስሽልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሽ። ጉልበቷ ነው እያልኩ ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት ማህሌት በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማው ቆይታ ጠራችኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችው። ለካ ሽቦውን ሰካነው እንጂ ኮምፒውተሩን ከሽቦው ውሰድ አላልነውም። በራሱ ማይክ ክፍሉንም ግቢውንም ሲሰማ ኖሯል። ከኪቦርዱ ሥር አንቺ አለሽ፣ ከነባልዲሽ። እናታችንን የሰማኋት መሰለኝ፤ ድምጿን ከረሳሁት ስንት ዘመኔ! አለቀስኩ። ቀጥሎ የእኔ ቃል መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ምነው ሳላዳምጥ ባልላክሁት እያልኩ ራሴን ስረግም ዋልኩ። የሰማሽው ከላክሁልሽ ቅጂ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ፖልን ያቺን ቃል ብቻ ቁረጥልኝ ብዬ ለመንኩት። እሱም እቆርጠዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ከሱ በኋላ ያለውን ስማ አለኝ።

ከዚያች ቃሌ በኋላ ድምፅሽ የለም። ባልዲውም ጸጥ ብሏል። ኪቦርዱ ብቻውን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በሩ ይከፈትና «ሻይ ላምጣላችሁ?» ትያለሽ። እኔም ቀና እንኳ ሳልል «ስኳሩን ቀንሺ» እልሻለሁ።

እዚህ አገር ሰው ሰውን ገፍቶ ለይቅርታ «ፖሌ» ብሎ ያልፋል። ይቺ ቃል ለዚህ አትበቃም፤ ሌላም ፈልጌ አጣሁ። ማይኩን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቁሜዋለሁ። ልብሽ ከፈቀደ ቅዳሜ ነይና ዘምሪ፣ እኔ አጅብሻለሁ። አልመጣም ብትዪም እውነትሽን ነው፤ መዝሙሩ ግን ያለ አንቺ ናይሮቢ አይሄድም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽና፣ ፍየሎችሽን ያርባልሽ። ለእኔም አንቺን ቀና ብዬ የማይበትን ቀን ያምጣልኝ።

በጀርባሽ አዝለሽ ድንበር ያሻገርሽው ወንድምሽ

ቅዳሜ ቅዳሜ የምትልኪልን ወተት በእነዚያ ሦስት ሳምንታትም አልቀረም። ጄሪካኑን ራሴ አጥቤ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሞተረኛው በጉዮ እጅ ልኬዋለሁ።