እማ ከጎልጎታ ደጅ አልገባችም

ለእትዬ ፈንታነሽ፣
ሞጣ

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? በሰላም ፈሰካችሁ? እኔ አካሌ ደኅና ነው። እማም ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ትቀልዳለች፤ ይህን ያስቀደምሁት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። በስልክ ያልነገርሁሽ አንቺ ስታለቅሺ እኔ መጮኽ ስለምጀምር ነው። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ በሚሳፈሩት በመምሬ ገብረ ኪዳን እጅ ልኬዋለሁ። እኛ ነገ ተነሥተን፣ አዲስ አበባ ሐኪም አሳይቻት እንደርሳለን።

እማ ኢየሩሳሌም ገብታለች፤ ጎልጎታ ግን አልገባችም።

ነገሩ ነስር ነው። የስቅለት ዕለት ተሰልፈን ደጃፉ ዘንድ ስንደርስ ከአፍንጫዋ ደም ወረደ። በነጠላዋ ይዛው ወደ ኋላ ተመለሰች። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ እኔንም አንቺንም ያስተማረችን እሷ ናትና ምን ልበላት? ማረፊያችን ስንደርስ ቆመ። በማግሥቱ ሄድን፤ ደጁ ገና ሲታያት ጀመራት። የትንሣኤ ዕለትም እንዲሁ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ማረፊያ ቤት ስትሆን ደም ግፊቷ ደኅና ነው፤ ወደ ደጁ ስትቀርብ ግን በደስታ ብዛት ያሻቅባል አለኝ። መድኃኒት ጨመረላትና "ትረጋጋ" ብሎ አሰናበተን። ትረጋጋ! እኔ ሳልወለድ ጀምራ ስትመኘው የኖረችውን ደጅ እያየች እንዴት አድርጋ ትረጋጋ? እንዲህ ያለ ምክር ለመስጠት ስንት ዓመት እንደሚማሩ እንጃ።

እዚህ አንድ የደብረ ወርቅ ሰው አሉ፤ አባ ፍቅረ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው። "እናቴ፣ ሕመም እንጂ ኃጢአት አይደለም፤ ይግቡ" ብለው ለመኗት። "አባቴ፣ እሱ ደሙን ባፈሰሰበት ላይ እኔ የአፍንጫዬን ላንጠባጥብበት?" አለቻቸው። እኔ በሰው ፊት ተቆጣኋት። "አንተን ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ አፍንጫ መዝጋት እንኳ ላያስተምሩህ ነው?" ብላ አብረውን የመጡትን ሴቶች አሳቀችብኝ።

ዛሬ የመጨረሻው ቀናችን ነበር። ጎረቤታችን ዘይዳ ለመንገድ የሰጠቻትን ፎጣ አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ የውጭውን ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ከውስጥ የሚወጡትን የአገራችንን ሴቶች እየጠራች፣ "ምን አየሽ? ድንጋዩ ይቀዘቅዛል? አንቺስ አለቀስሽ?" ትላቸዋለች። ደስ ብሏቸው ሲነግሯት በየቃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። በኋላ እኔን "ግባና ሳምልኝ" አለችኝ። በእምነት ነገር እኔ እንዴት ያለሁ ሰው እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። ገባሁ፤ ስሜም ወጣሁ። የድንጋዩን ሽቱ ፈልጋ እጄን ይዛ አሸተተችና "ቸኩለሃል፤ ደግመህ ግባ" ብላ መለሰችኝ። ደግሜ ገባሁ። ሌላ ምን ላደርግላት እችል ነበር?

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች "ኢየሩሳሌም ውበቴ" እያሉ በእልልታ ሊቀበሏት ተዘጋጅተዋል ብለሽኛል። ከዚህ ተሳልሞ የተመለሰ ሰው ስሙ ላይ "ኢየሩሳሌም" ተጨምሮ መጠራቱ ወግ ነው። እሷ ግን "ደጁን አየሁ እንጂ አልተሳለምሁም፤ በዚያ ስም ለጠራኝ ሰው አቤት አልልም" ብላ ምላለች። ስትምል ደግሞ እናውቃታለን። ስለዚህ ሴቶቹን አስቀድመሽ አነጋግሪያቸው፤ እንደ ቀድሞው በስሟ ውበቴ ብቻ ይበሏት። ምን ብለሽ እንደምትነግሪያቸው ግን አላውቅም። እኔ ቃል ስፈልግ ሰነበትሁ፤ አላገኘሁም።

ለባልሽ ለሐብታሙ፣ ለልጆቹ ለስጦታውና ለሊድያ፣ ለዘይዳም ከነቤተሰቧ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቢቸና ለባለቤቴ ለባንቺዓለም ደውለሽ ደኅና ነው በያት፤ የቀረውን ራሴ እነግራታለሁ። እማም ሰላም ብላችኋለች። ዛሬ ከመነሣቷ በፊት እያንዳንዳችሁን በስም እየጠራች ግድግዳውን ከውጭ በኩል ስማላችኋለች።

ወንድምሽ ገብረ ሕይወት
ኢየሩሳሌም፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.